ከመርገጥ በፊት ያለው ሥራ፦ በኢታንግ ቆሞ የቀረን ሞተር ሳይክል ወደ መንገድ መመለስ

ኢታንግ፦ የባሮ ወንዝ ከጋምቤላ ከተማ ወደ ምዕራብ ሲወርድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ኢታንግን ያገኛል። የአኙዋክ፣ የኑዌርና የኦፖ ብሔረሰቦች አብረው የሚኖሩበት የኢታንግ ልዩ ወረዳ ሜዳማና ሞቃት ምድር ነው። በበጋ አቧራው ይጨሳል፤ በክረምት ጥቁሩ አፈር ጎማ ይውጣል። መኪና በማይደርስባቸው ቀበሌዎች የክትባት ሣጥን፣ የእንስሳት መድኃኒት፣ የዘር ከረጢት፣ አንዳንዴም የታመመ ሰው የሚጓጓዘው በእግር፣ በጀልባ ወይም በሞተር ሳይክል ነው።

ስለዚህ በዚህ ምድር የአንድ ሞተር ሳይክል መቆም የአንድ ዕቃ መበላሸት ብቻ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር አንድ ጤና ኬላ እስከ 5 ሺህ ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ ነበር። አብዛኞቹ ክትባቶች ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ አለባቸው። የቀኑ ሙቀት በየካቲትና በመጋቢት 40 ዲግሪ ሊደርስ በሚችልበት ቆላ፣ በመንገድ ላይ የቆመ ሞተር ሳይክል የበረዶ ሣጥኑን ዕድሜ ይበላል። ጓሮ የቆመው ደግሞ ጉዞውን ከነአካቴው ያስቀረዋል።

ይሁንና በየመሥሪያ ቤቱ ጓሮና በየግለሰቡ ቤት ጥግ ጎማቸው ተንፍሶ፣ መቀመጫቸው ተቀዶ፣ ሣር በቅሎባቸው የቆሙ አሮጌ ሞተር ሳይክሎችን ማየት በመላ አገሪቱ የተለመደ ነው። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ የቆሙት በከባድ ብልሽት አይደለም። የተዘጋች የነዳጅ ቀዳዳ፣ የደከመች ካንዴላ ወይም የተበጠሰ የፍሪሲዮን ገመድ አቁሟቸው፣ የቀረውን ጉዳት ያደረሰው ዝናቡና ጊዜው ነው። የመጨረሻውን ጉዳት የሚያደርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊያስነሣቸው የመጣው ሰው ነው። አዲስ ቤንዚን ጨምሮ፣ ማስነሻውን ደጋግሞ ረግጦ፣ ሞተሩ እንደ ምንም ሲነሣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ይሰጠዋል። የደረቀው ሲሊንደርና የዛገው የነዳጅ ታንክ የቀረውን ይጨርሳሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የፈሰሰው ግን እዚህ ላይ አይለቀምም።

የሁለት ምት ሞተር ጠባይ

በአፍሪካ ገጠሮች ለመንግሥትና ለእርዳታ ሥራ ለብዙ ዓመታት ካገለገሉት ሞተር ሳይክሎች መካከል ያማሃ ዲቲ 125 እና ያማሃ ኤጂ 100 ይገኙበታል። «ኤጂ» የሚለው ስያሜ ግብርናን ከሚያመለክተው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ሲሆን፣ ይህ ሞተር ሳይክል ከመነሻው ለእርሻ ሥራ የተሠራ ነው። ካቴናው በሽፋን የተዘጋ ነው፤ ከፊትና ከኋላ የዕቃ መጫኛ አለው፤ በግራም በቀኝም ማቆሚያ ተበጅቶለታል። ሁለቱም ዓይነቶች በአየር የሚቀዘቅዝ ባለሁለት ምት ሞተር ያላቸው ናቸው።

ባለሁለት ምት ሞተር ቀላል ነው፤ ሲሊንደሩ የራስ ቫልቭና ካም ዘንግ የለውም። ፒስተኑ አንድ ጊዜ ወጥቶ ሲወርድ ሥራው ሁሉ ይፈጸማል። በጥቂት ቁልፎችና በአንድ ካቻቢቴ ሊፈታ መቻሉ ለገጠር ተስማሚ አድርጎታል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ድክመት አለው። ባለአራት ምት ሞተር ፒስተኑንና ክራንክ ዘንጉን የሚያለሰልሰው ከታች በተጠራቀመ ዘይት ሲሆን፣ ባለሁለት ምቱ ግን ዘይቱን የሚያገኘው ከነዳጁ ጋር አብሮ በሚገባው ብቻ ነው። ነዳጅ ካለ ዘይት የገባ እንደሆነ ሞተሩ ይነሣል፤ ጥቂት ጊዜም ደህና መስሎ ይሠራል። ከዚያም ፒስተኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል።

እንዲህ ያለው ሞተር ለብዙ ወራት ሲቆም ከውስጥ የነበረው ስስ የዘይት ሽፋን ወደ ታች ይወርዳል። የሲሊንደሩ ግድግዳ ለእርጥበት ይጋለጣል። በባሮ ዳር ባለው ወበቅ የዝገት ነጠብጣብ ለመታየት ዓመት አይፈጅበትም። በካርቡሬተሩ ሳህን ውስጥ የቀረው ቤንዚን ደግሞ እየተነነ ሄዶ እንደ ሙጫ ያለ ቡናማ ዝቃጭ ይተዋል። የነዳጅ ታንኩ ግማሽ ባዶ ሆኖ ከቆመ ሌሊት በሚፈጠረው ጤዛ ከላይ ወደ ታች ይዝጋል። ጭቃ የምትሠራው ተርብ በማርሚታው ጫፍ ወይም በአየር መሳቢያው ውስጥ ጎጆዋን ትለጥፋለች፤ አይጥም የመቀመጫውን ስፖንጅና የኤሌክትሪክ ሽቦውን ትቆረጥማለች።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሦስት ጥያቄዎች

አሮጌ ሞተር ሳይክል ለማደስ ያሰበ ሰው አንዲት ብር ከማውጣቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ማጣራት ይገባዋል።

የመጀመሪያው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በሻንሲውና በሞተሩ ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች በሊብሬው ላይ ካሉት ጋር መመሳሰል አለባቸው። ንብረቱ የመንግሥት ከሆነ ወደ ግለሰብ እጅ የሚገባው በሕጋዊ የማስወገድ ሂደት፣ አብዛኛውን ጊዜም በጨረታ ነው። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ሰነድ የሌለው ሞተር ሳይክል ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን ታድሶ በሕጋዊ መንገድ ሊነዳ አይችልም።

ሁለተኛው የሻንሲው ጤንነት ነው። የመሪው አንገትና የኋላው ሹካ የሚታሰርበት ቦታ ቆሻሻው ታጥቦ፣ ስንጥቅ ወይም የበየዳ ምልክት እንዳለ በደንብ መታየት አለበት። ሞተር ይጠገናል፤ የተጣመመ ሻንሲ ግን ነጂውን ይዞ ይወድቃል።

ሦስተኛው የሞተሩ ፒስተን ይንቀሳቀሳል ወይስ ተጣብቋል የሚለው ነው። ይህንን ለማወቅ መርገጥ አያስፈልግም። ካንዴላዋ ትፈታለች፤ ማስነሻው በእጅ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይገፋል። የሚሄድ ከሆነ ሥራው ቀሏል። የማይሄድ ከሆነ ግን መታገል አይገባም። ናፍጣና ስስ ዘይት ተቀላቅሎ በካንዴላዋ ቀዳዳ በኩል በትንሹ ይፈስሳል፤ ለጥቂት ቀናትም ይተዋል። ከዚያ ማርሹ በከፍተኛው ላይ ገብቶ የኋላው ቸርኬ በእጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ እያለ ይወዘወዛል። በጉልበት የተረገጠ ማስነሻ የራሱን ጥርስ ይሰብራል፤ የተጣበቀውንም የፒስተን ቀለበት ሊሰብር ይችላል።

ፒስተኑ ቢንቀሳቀስም የሲሊንደሩን ውስጥ በባትሪ መብራት ማየት መልካም ነው። ማርሚታው ከተፈታ የፒስተኑ ጎን በጭስ መውጫው በኩል ይታያል። ከላይ ወደ ታች የተጋጠ መስመር ካለበት ቀድሞ ተጣብቆ እንደነበር ያመለክታል፤ ሲሊንደሩ ተከፍቶ መመርመር ይኖርበታል።

ጎርፍ የነካው ሞተር ሳይክል

በኢታንግ ከሌላው አካባቢ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ አንድ ጉዳይ አለ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ባሮና ሌሎች የክልሉ ወንዞች ከአፋቸው ሞልተው ኢታንግን ጨምሮ በርካታ ወረዳዎችን አጥለቅልቀዋል። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የወንዙ መሙላት ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ቆሞ የተገኘ ሞተር ሳይክል ሁሉ «ውኃ ገብቶበት ይሆን?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ምልክቱን ለማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። የመብራቱ መስታወት ውስጥ የቀረ የደለል መስመር፣ በመቀመጫው ሥር የደረቀ ጭቃና በአየር ማጣሪያው ቤት የተኛ አሸዋ ይናገራሉ። ከሁሉ የሚታመነው ምስክር ግን የማርሽ ቤቱ ዘይት ነው። የታችኛው ቡሎን ተፈትቶ ዘይቱ ሲፈስስ ወተት እንደገባበት ቡና ነጣ ካለ ውኃ ገብቶበታል። እንዲህ ያለውን ሞተር በቀጥታ ማስነሣት ደለሉን ከኩሽኔታዎቹ ጋር አብሮ መፍጨት ነው። የክራንክ ዘንጉ ኩሽኔታዎች በባለሁለት ምት ሞተር ውስጥ እጅግ ስስ በሆነ ዘይት የሚሠሩ በመሆናቸው ጥቂት የአሸዋ ቅንጣት ይበቃቸዋል። ጎርፍ የነካው ሞተር ተከፍቶ ሳይታጠብ መነሣት የለበትም። ወጪው ከፍ ቢልም ከዚህ ያነሰ መፍትሔ የለም።

ነዳጁ የሚያልፍበት መንገድ

ፒስተኑ የተላቀቀና ጎርፍ ያልነካው ሞተር ሳይክል ሥራው የሚጀምረው ከነዳጅ ታንኩ ነው። አሮጌው ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ተቀድቶ ይወጣል። ሽታው እንደ ቀለም ከሆነ ጊዜው አልፏል፤ ከአዲስ ጋር መቀላቀሉም አይጠቅምም።

ታንኩ ከውስጥ የዛገ ከሆነ ኮምጣጤ ተሞልቶ ለአንድ ቀን ያህል ይተዋል። ዝገቱ ወፍራም ሲሆን አንድ እፍኝ ዳዶ ወይም ንጹሕ ጠጠር ተጨምሮ ታንኩ ይወዘወዛል፤ የገባው ሁሉ ተቆጥሮ መውጣቱን ማረጋገጥ ግን አይዘነጋም። ከዚያ በውኃ፣ ቀጥሎም ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ታጥቦ ወዲያውኑ በፀሐይ ይደርቃል። የታጠበ ብረት በሰዓታት ውስጥ እንደገና ስለሚዝግ፣ እንደ ደረቀ ዘይት የተቀላቀለበት ጥቂት ቤንዚን ገብቶበት ውስጡ በሙሉ ይርሳል። ይህ ሁሉ ሥራ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ፣ አየር በሚገባበት ቦታ መከናወን አለበት። ባዶ የሚመስል ታንክ በውስጡ የቀረው ትነት ከሞላው ይልቅ አደገኛ ነው።

ቀጥሎ የነዳጅ መክፈቻው ወንፊትና ቱቦው ይመጣሉ። የደረቀ ቱቦ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ መለወጡ ከሁሉ የረከሰ ጥገና ነው። ካርቡሬተሩ ከተፈታ በኋላ የታችኛው ሳህን ይከፈታል። እዚያ ያሉት የነዳጅ ቀዳዳዎች ከመርፌ ዓይን የማይበልጡ ናቸው። በተለይም ሞተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲሠራ ነዳጅ የምትመግበው ትንሿ ቀዳዳ መጀመሪያ የምትዘጋው ናት። በብረት ሽቦ መውጋት ልኳን ስለሚያሰፋ አይመከርም፤ በካርቡሬተር ማጽጃ ወይም በንጹሕ ቤንዚን ነክሮ በአየር ግፊት መንፋት ይሻላል። ብርሃን ላይ ሲያዩአት ክብ ሆና ብርሃን ካላሳለፈች አልጸዳችም።

የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ በሙቀትና በጊዜ ብዛት ይፈረፈራል። ሲነኩት በእጅ ላይ የሚቀር ከሆነ ፍርፋሪው ወደ ሞተሩ እየተሳበ ነው ማለት ነው። ካለ ማጣሪያ መንዳት ደግሞ በኢታንግ የበጋ አቧራ ሲሊንደሩን በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ይሆናል፤ ከመጠን ያለፈ አየር ስለሚያስገባም ሞተሩን ያግለዋል።

በመንገድ ዳር በጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን መግዛት ግድ ሲሆን፣ ጠርሙሱን ለጥቂት ጊዜ ሳያንቀሳቅሱ ማቆየት ይጠቅማል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ በዓይንም ይለያል። ከዚያ የላይኛው ብቻ በጥቅጥቅ ወንፊት ተጠልሎ ይቀዳል።

ብልጭታው

ካንዴላዋ ተፈትታ ከሽቦዋ ጋር ተገናኝታ፣ ብረቷ ከሞተሩ አካል ጋር እንዲነካካ ተደርጎ ማስነሻው ሲገፋ ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ መታየት አለበት። ይህ ሲደረግ የካንዴላዋ ቀዳዳ በጨርቅ መሸፈን አለበት፤ ከዚያ የሚወጣ የነዳጅ ትነት በብልጭታው ሊቀጣጠል ይችላልና። ብልጭታው ቢጫና ደካማ ከሆነ ወይም ከጠፋ ፍለጋው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል። መጀመሪያ አዲስ ካንዴላ፣ ቀጥሎ የካንዴላዋ ቆብ፣ ከዚያ የማጥፊያው ሽቦ፣ በመጨረሻም ቦቢናው ይመረመራል። የካንዴላዋ የጫፍ ክፍተት በአብዛኛው ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው።

ዕድሜያቸው የገፋው ሞተር ሳይክሎች ፑንቲና አላቸው። ቆሞ የከረመ ፑንቲና በፊቱ ላይ ነጣ ያለ ስስ ሽፋን ይይዛል፤ ኤሌክትሪክም አያሳልፍም። በስስ ብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ፣ በንጹሕ ወረቀት ተወልውሎ፣ ክፍተቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ሲደረግ «ሞቷል» የተባለ ሞተር ነፍስ የሚዘራበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዘይት፦ የሁሉ መጨረሻ ፍርድ

ያማሃ በእነዚህ ሞተር ሳይክሎች ላይ ዘይቱን ከተለየ ታንክ እየሳበ ወደ ሞተሩ የሚልክ ትንሽ ፓምፕ አድርጓል። ነጂው ዘይትና ቤንዚን ከመቀላቀል ይድናል። ቆሞ በከረመ ሞተር ሳይክል ላይ ግን ይህ ፓምፕ አይታመንም። ቱቦው ውስጥ አየር ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ የፓምፑ ገመድ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከዚህ ቀደም የነበረ ባለሙያ ፓምፑን አንሥቶት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሊትሮች ፓምፑ ኖረም አልኖረ በዘይት የተቀላቀለ ቤንዚን መሆን አለባቸው። ለ1 ሊትር ቤንዚን ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሊትር የባለሁለት ምት ሞተር ዘይት ይበቃል። ፓምፑም የሚሠራ ከሆነ ጭሱ ይበዛል እንጂ ሞተሩ አይጎዳም። በዘይት ታንኩ ላይ ምልክት ተደርጎ ከጥቂት ጉዞ በኋላ መጠኑ መቀነሱ ሲረጋገጥ፣ በቱቦውም ውስጥ የአየር አረፋ አለመኖሩ ሲታይ ብቻ ነው ወደ ንጹሕ ቤንዚን መመለስ የሚቻለው።

የማርሽ ቤቱ ዘይት ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱም ሳይለወጥ ሞተሩ መነሣት የለበትም። ሁለቱን ዘይቶች ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው፤ አንደኛው ከነዳጅ ጋር ይቃጠላል፤ ሌላኛው ማርሹንና ፍሪሲዮኑን ያለሰልሳል።

የመጀመሪያው ድምፅ

ይህ ሁሉ ሲጠናቀቅ ጥቂት የዘይት ጠብታ በካንዴላዋ ቀዳዳ ይገባል፤ ሞተሩም ካለ ካንዴላ ጥቂት ጊዜ በእጅ ይዞራል። ከዚያ ካንዴላዋ ታስራ ማስነሻው ይረገጣል። መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራም ነጭ ጭስ አያስደነግጥም፤ የቆየው ዘይት እየተቃጠለ ነው።

ሞተሩ ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ ሠርቶ ይጥፋ፤ ይቀዝቅዝ፤ እንደገና ይነሣ። ይህ ሲደጋገም የሚታዩ ምልክቶች አሉ። ነዳጅ መስጫው ሲመለስ የሞተሩ ድምፅ ቶሎ ካልወረደ ከአንድ ቦታ አየር እየሳበ ነው። ብዙውን ጊዜ የካርቡሬተሩ ማያያዣ ጎማ ተሰንጥቋል፤ ወይም በክራንክ ዘንጉ ዳርና ዳር ያሉት የዘይት ማገጃ ጎማዎች ደርቀዋል። ጭሱ ከቀናት በኋላም ካልቀነሰና የማርሽ ቤቱ ዘይት እየጎደለ ከሄደ ከማገጃዎቹ አንዱ ዘይቱን ወደ ሞተሩ እያሳለፈ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ጉልበት ካነሰው ደግሞ ማርሚታው በጥላሸት ታፍኖ እንደሆነ መታየት አለበት፤ ለባለሁለት ምት ሞተር የጭሱ መውጫ እንደ አፍንጫ ነው።

ከአጭር ጉዞ በኋላ ካንዴላዋ ስትፈታ ቀለሟ ይናገራል። ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነች ነዳጅና አየሩ ተመጣጥኗል። ጥቁርና እርጥብ ከሆነች ነዳጅ ወይም ዘይት በዝቷል። ነጭ ከሆነች ግን መንዳቱ መቆም አለበት፤ ነዳጁ አንሶ ሞተሩ እየጋለ ነው።

እዚህ ላይ ለጋምቤላ ምድር ልዩ የሆነ ጉዳይ ይነሣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ በዚያ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ መካኒኮች ነዳጁም እንዲያንስ ካርቡሬተሩን ሊያስተካክሉ ይችላሉ። የጋምቤላ ከተማ ከፍታ ግን 500 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ኢታንግም ከዚያ ዝቅ ትላለች። በደጋ ነዳጁ የተቀነሰለት ሞተር ሳይክል በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ባሮ ሜዳ ሲወርድ ወፍራም አየር ያገኛል፤ የሚደርሰው ነዳጅ ግን ያው ጥቂቱ ነው። ነጂው ጉልበቱ የጨመረ ሊመስለው ይችላል፤ ሞተሩ ግን ከውስጥ ይጋላል። ስለዚህ ከደጋ የመጣ ሞተር ሳይክል በቆላ ረጅም መንገድ ከመሄዱ በፊት የካርቡሬተሩ የነዳጅ ቀዳዳ ቁጥር አምራቹ ካዘዘው ጋር መነጻጸር ይኖርበታል።

መነሣት መሄድ አይደለም

የሞተሩ ድምፅ ሲሰማ ሥራው ያለቀ ይመስላል። አደጋው ያለውም እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ፍሬኑ የማይዝ ሞተር ሳይክል ከቆመው የከፋ ነው።

ቸርኬዎቹ ወጥተው የፍሬን ሸራቸው ይታያል። ሸራው ከብረቱ የተላቀቀ ወይም ዘይት የጠጣ ከሆነ ይለወጣል እንጂ አይታጠብም። በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል፣ አቧራውን በአፍ ወይም በአየር ከመንፋት ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይገባል። የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ገመዶች አንድ ክራቸው እንኳ የተበጠሰ ከሆነ አዲስ ይገባላቸዋል።

ጎማ በዓይን ደህና መስሎ ሊያታልል ይችላል። በጎኑ ላይ ከተጻፉት መካከል የአራት አኃዝ ቁጥር ይፈለጋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለት ዓመቱን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያሳያሉ፤ 2310 ማለት በ2010 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ቢሆንም ጎኑ በፀሐይ የተሰነጣጠቀ ጎማ ጭነት ይዞ መሄድ የለበትም። ካላማዳሪውም አብሮ ቢለወጥ ይመረጣል።

ካቴናው ተወልውሎ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ በመመሪያው መሠረት ይላላል ወይም ይጠብቃል። በተዘጋ ሽፋን ውስጥ ያለው የኤጂ 100 ካቴና ስለማይታይ ብቻ ተረስቶ እንዳይቀር ማስታወስ ይገባል። ራጂዎቹ አንድ በአንድ በቁልፍ ጫፍ መታ መታ ሲደረጉ፣ የላላው ድምፁ ከሌሎቹ የደነዘዘ ነው። የቸርኬውና የመሪው ኩሽኔታዎች አሮጌ ግራሷቸው ወጥቶ አዲስ ይገባላቸዋል። መሪው መካከል ላይ ሲደርስ የሚይዝ ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል፤ በጭቃ መንገድ ላይ ነጂውን ይጥላል።

ድጋሚ እንዳይቆም

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ባሪ ኮልማንና አሜሪካዊው የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ራንዲ ማሞላ ለእርዳታ የሰበሰቡት ገንዘብ ምን እንደ ሠራ ለማየት ወደ ሶማሊያ ተጉዘው ነበር። እዚያ ለጤና ሥራ የተሰጡ ተሽከርካሪዎች በትንንሽ ብልሽት ቆመው አገኟቸው። ችግሩ የማሽን እጥረት አልነበረም፤ የጠባቂ እጥረት ነበር። ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለው ድርጅት የተወለደው ከዚያ ትዝብት ሲሆን፣ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ያስፋፋውም አሠራር ቀላል ነው። ጥገናው ብልሽት ከመድረሱ በፊት በቀጠሮ ይደረጋል፤ ነጂውም ዘወትር ከመነሣቱ በፊት ነዳጁን፣ ዘይቱን፣ ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ ካቴናውንና ቡሎኖቹን ያያል።

ይህ ትዝብት ለኢታንግ ሩቅ አይደለም። ልዩ ወረዳው ከአርባ ዓመታት ወዲህ ብዙ ተቋማትን አስተናግዷል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያነቱ በዓለም ይታወቅ ነበር። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኩሌና የቲርኪዲ መጠለያዎች ተከፍተውበታል። ፕሮጀክት ያልቃል፤ ማሽኑ ግን ይቀራል። ለቀረው ማሽን የጥገና በጀት፣ የመለዋወጫ ሣጥንና ኃላፊነቱን የሚረከብ አንድ ሰው ካልተመደበለት መጨረሻው ጓሮ፣ ከዚያም ጨረታ ነው።

ክረምት ሲገባ ለወራት የሚቆም ሞተር ሳይክል ካለም አራት ነገር ይበቃዋል። የካርቡሬተሩ ሳህን ቤንዚን ይፈስሳል፤ የነዳጅ ታንኩ ዘይት በተቀላቀለበት ቤንዚን እስከ አፉ ይሞላል፤ በሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ይገባል፤ የማርሚታው አፍም በጨርቅ ይወተፋል። ሲቆም የወንዙ ሙላት ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይሁን። በጨርቁ ላይ ረዘም ያለ ቀይ ክር ቢታሰርበት ደግሞ፣ ከክረምት በኋላ ሊያስነሣው የሚመጣው ሰው መጀመሪያ ማውጣት ያለበትን አይረሳም።